የቱሳ እንቅልፍ

አሰላ
ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዙቤዳ
ኩዌት

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ።

አዳዳ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ የልብስ ስፌቱን ቻለልዎ? እኔም እናቴ ኦብሴም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባሉበት አላህ ይጠብቅዎ፤ በየሶላቱ እናስብዎታለን።

ብደውል እንደማያነሱልኝ ስለማውቅ ነው መጻፌ። የሰፈራችን ልጅ ቢፍቱ ከእርስዎ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ እንደምትኖር እናቷ ነገረችኝ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ለእሷ እልካለሁ፤ እሷ ታሳይዎታለች። በኦሮምኛ፣ በቁቤ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። እርስዎ ግን በደርግ ጊዜ የተማሩት በሳባ ፊደል ስለሆነ በአማርኛ ጻፍኩ። ያበላሸሁትን ይለፉኝ።

ስለ አባቴ፣ ስለ ወንድምዎ ነው። ከዚያ ከአራት ዓመት በፊቱ የመኪና አደጋ ወዲህ መሪ ጨብጠው እንደማያውቁ ያውቃሉ። መናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ጎሚስታ ከፍተው ጎማ እየለጠፉ ነበር የሚያኖሩን፤ እኔም ከቀበሌ ደሞዜ እጨምራለሁ። አሁን ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር እምቢ ብለዋል። እንቅልፍ አጥተው አይደለም፤ አልተኛም ብለው ነው። አልጋ ላይ አይወጡም። ሳሎን ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ ብርዱ እንዲገባ በሩን ከፍተው ያድራሉ። ሲነጋ ደግሞ እያወሩ ሳለ ጭልጥ ይላሉ፤ እጃቸው ላይ የያዙት እንጀራ እንደተጠቀለለ ይቀራል።

ይህንንስ ለምደነው ነበር። አሁን የመጣው መርሳት ነው። ከመስጊድ ወጥተው የገዛ ሰፈራቸው ጠፍቷቸው ሀሰኖ ባለወፍጮው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ባለፈው ወር ደግሞ የአንድ የኦጎልቾ ሰው የጭነት መኪና ጎማ ቀየሩና ብሎኖቹን ሳያጠብቁ ለቀቁት። ሰውዬው ከከተማ ሳይወጣ ጎማው መወዛወዝ ሲጀምርበት ተመለሰ። አልጮኸባቸውም። «ጋሽ ቱሳ፣ ኋላ ላይ ልጆች ጭኜ ነበር» ብቻ አላቸው። አባቴ የዚያኑ ቀን ሱቁን ዘጉት፤ እስካሁን አልከፈቱትም።

የእርስዎን ስም ግን አልረሱም። «ዙቤዳ ደወለች?» ይላሉ። አዳዳ፣ ገንዘብ አይደለም የምጠይቅዎ። አንድ ቀን ይደውሉላቸው። ድምፅዎን ቢሰሙ የሚተኙ ይመስለኛል።

አክባሪዎ
ፈይሩዛ ቱሳ


ኩዌት
ታኅሣሥ 25 ቀን 2016

ለፈይሩዛ

ሰላም ላንቺና ለኦብሴ ይሁን። አላህ ጉልበታችሁን ያጽናው። ጽሑፍሽ ምንም አላጠፋም፤ ፊደልሽ እንዲያውም የአያትሽን ይመስላል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ቢፍቱ በየቀኑ «ምን ልበላት?» ትለኛለች። የምላት ስላልነበረኝ ነው የዘገየሁት።

ስልክ አልደውልም። ይህን አትጠይቂኝ።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጄን አባትሽ እጅ ላይ ትቼ ስሄድ ቦንሳ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አሳደገው፤ አልክድም። ትምህርቱ አልሆን ሲለው መኪናው ላይ ረዳት አደረገው፣ እሱንም አልከለከልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቀበራችሁት። አሠሪዬ ፓስፖርቴን አልሰጥ ብሎኝ አፈር እንኳን አላለበስኩትም። ያን ጊዜ በስልክ የነገራችሁኝ «ከጎበሳ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለ» ነው። አምኜ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ረመዳን አንዲት የጎበሳ ልጅ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ክንዷ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለ። ምን ሆነሽ ነው ስላት ያንን መኪና አወራችልኝ። የማን እናት እንደሆንኩ አላወቀችም። «ፍሬን ሲበጠስ ሹፌር ይጮሃል፣ ያዙ ይላል፣ ክላክስ ያደርጋል። የእኛ ምንም አላለም። መኪናው ቀስ ብሎ ከመንገዱ ወጣ፤ ተሳፋሪ ሊያወርድ የቆመ ነበር የመሰለኝ» አለችኝ። የቀሚሷን ልክ ወስጄ ሸኘኋት።

አባትሽ እንቅልፍ ሲወስደው ምን ይላል? ኦብሴ አጠገቡ ናት፣ ትሰማለች። ይህን ጻፊልኝ።

ዙቤዳ


አሰላ
ጥር 30 ቀን 2016

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በዚያ በሰው ሀገር አላህ እጅዎን ይያዝልዎ፣ የሚያዩት ሁሉ ደግ ይሁን።

አዳዳ፣ አባቴን ሆስፒታል ወስደናቸው ነበር። እምቢ ብለው ስንት ጊዜ ከበር ተመልሰዋል፤ በመጨረሻ እናቴ «እኔን አሞኛል፣ አድርሰኝ» ብላ ነው ያወጣቻቸው።

ተራ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ሰው ዞሮ እያየን አፈርኩ። ከዚያ ድንገት ዝም አሉ። ትንፋሻቸው የለም። ደረታቸው ይነሳል፣ አየር ግን አይገባም። ሲስተር አልጣሽ የምትባል ነርስ ካርድ ተሸክማ ስታልፍ ቆመች። «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚሆኑት?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት አባቴ እንደሚሰምጥ ሰው ሽቅብ ተንፍሰው ነቁ። ወዲያው እጃቸው የሆነ ነገር ሊይዝ ወደ ፊት ተዘረጋ። ዙሪያውን አዩና «ተኛሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁን፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ዶክተሩ ይስሃቅ ይባላል፤ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ሲተኙ ጉሮሯቸው ይዘጋል አለን። አየር ሲያጥር አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳቸዋል፤ እንደገና ሲተኙ እንደገና ይዘጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ። ሰውዬው ግን መንቃቱን አያውቀውም፣ ተኝቼ አደርኩ ይላል። አንጎሉ ሳያርፍ ስለሚነጋ፣ ቀን ላይ እንቅልፍ ሳያስፈቅድ ይወስደዋል።

ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ፍርሃቱ ነው። ዶክተሩ እንዳለው ሰው የደነገጠበትን ነገር ቀስ በቀስ የሚያለዝበው በእንቅልፉ ነው። አባቴ እንቅልፍን ስለሚሸሹ ያ ቀን ሳይለዝብ፣ ሳያረጅ፣ የትናንት ያህል ሆኖ ተቀመጠ። ቀኑ አልለዝብ ስላለ ደግሞ ይበልጥ ይሸሻሉ። በዚህ መሀል የትናንት ምሳና የሰፈሩ መንገድ እየጠፉ ነው። «መርሳቱ በዚህ ብቻ የመጣ ነው ልላችሁ አልችልም። እንቅልፋቸው ከተስተካከለ ግን ምናልባት የተወሰነው ይመለስ ይሆናል» አለ።

ከዚያ እናቴን «ማንኮራፋቱ ከአደጋው በፊት ነበር?» ሲላት፣ «ይህቺ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ሳትደርስ የጀመረው ነው» ብላ መለሰች። ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

ሲተኙ ፊት ላይ የሚደረግ፣ አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ፤ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። አዲስ አበባ አስመርምረናቸው ይህ እንደሚያስፈልጋቸው ተጻፈልን፤ መሣሪያውን ግን ፈልገን አጣን። እዚያ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ወረቀቱን አብሬ ፎቶ አንስቼዋለሁ።

የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። አሁን መሽቷል፣ መብራትም እየሄደ ነው።

ልጅዎ ፈይሩዛ


ኩዌት
የካቲት 3 ቀን 2016

ፈይሩዛ

መብራቱ አይደለም የሄደብሽ።

ቀን ላይ እንቅልፍ ሳያስፈቅድ ይወስደዋል አልሽኝ። ማንኮራፋቱ ከአደጋው በፊት ነበር አልሽኝ። ዶክተሩ ብዕሩን ያስቀመጠው ለምን ይመስልሻል? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ መርፌ እጄ ላይ ተሰክቶ አላወቅሁትም።

በዚያ ቀን ተኝቶ ነበር ወይስ አልተኛም? አንድ ቃል ይበቃኛል። እሱን ሳትጽፊ ሌላ ነገር አትጻፊልኝ።

ዙቤዳ


አሰላ
መጋቢት 20 ቀን 2016

አዳዳ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሰላምታ ሳላስቀድም የምጽፍልዎ ንቄዎት አይደለም፤ አላህ ያውቃል።

አዎ። ተኝተው ነበር።

እናቴ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ የሰማችው ደግሞ በእንቅልፍ ልባቸው ሲናገሩ ነው። «ቦንሳ፣ ምታኝ» ይላሉ። «ቀስቅሰኝ፣ ምታኝ» ይላሉ። ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም አሁን ስጠይቃት ነው አልቅሳ የነገረችኝ።

ከእናቴ ሰምቼ ልጽፍልዎ አልፈለግሁም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባቴን ይዤ ወጣሁ፤ በተዘጋው ሱቃቸው ደጃፍ ጎማ ላይ ተቀመጥን። የጭላሎን ተራራ ደመና ውጦታል፣ ብርድ ነው። የዚያን ቀን ደህና ነበሩ፤ ሁሉንም ያውቃሉ። «አባቴ፣ አዳዳ ትጠይቃለች» አልኳቸው። ምን ብላ ነው አላሉኝም። እንዲህ አሉ፦

«መስኮቱን ከፍቼ ነበር የምነዳው። ሁልጊዜ ከፍቼ ነው የምነዳው፤ ብርዱ ያነቃኛል። በዚያን ቀን አንዲት አራስ ተሳፍራ ነበር። ቦንሳ ሒሳብ ተቀብሎ ሲጨርስ ወደ እኔ መጣና ‹አጎቴ፣ ሕፃኑን በረደው፣ ልዝጋው?› አለኝ። ‹ዝጋው› አልኩት። በላዬ ላይ ተንጠራርቶ ዘጋው። መኪናው ውስጥ ሙቀት መጣ። ከዚያ ያለው አይታወሰኝም። ስነቃ ሣር ላይ ነኝ፤ ቦንሳ በሩ ጋ ነው።»

«ፍሬን ነው የተባለውስ?» አልኳቸው።

«ሰው ሁሉ ፍሬን ነው አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም።»

ሕመም ነው እኮ፣ ዶክተሩ ነግሮናል፣ ሲወስድዎ አያውቁትም ነበር አልኳቸው። «ሕመምተኛ ከሆንኩ መሪ ለምን ያዝኩ? ያንቀላፋኛል እኮ፣ አውቀዋለሁ። መስኮት የምከፍተው ለምን ነበር?» አሉኝ። ቀጥለውም «እንቅልፍ ልጁን በላው። እኔ ደግሞ እዚያው እንቅልፍ ላይ ተመልሼ ልጋደም?» አሉ።

አዳዳ፣ ለእሳቸው አልማልድልዎትም። ሕፃኑም እናቱም ተርፈዋል። ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም፤ ቦንሳ መስኮቱን የዘጋው ለእነሱ ነው፣ ማወቅ ያለብዎ መሰለኝ።

ፈይሩዛ


አሰላ
ነሐሴ 12 ቀን 2016

ለተከበሩ አክስቴ

አሰላሙ አለይኩም። ክረምቱ እዚህ ከብዷል፤ እዚያ ደግሞ ሙቀት ነው ይላሉ። አላህ ያቅልልዎ።

ዝም ብለው ከረሙ። የዝምታዎን ምክንያት ስለማውቅ አልጨቀጨቅሁዎትም። ሰኔ ላይ ግን የቢፍቱ ጓደኛ ለእረፍት ስትመጣ አንድ ካርቶን ሰጠችኝ። መሣሪያው ነው። እየደጋገምኩ ካርቶኑን ገለበጥኩት፤ ከእርስዎ አንድ መስመር ወረቀት እንኳን አጣሁ። ከማን እንደሆነ ልጅቷን ስጠይቃት «ስሜን አትንገሪ ብላኛለች» አለች። ስለዚህ ማን እንደላከው አላውቅም። ማንም ይሁን፣ አላህ ውለታውን ይክፈለው።

መጀመሪያ አባቴ ጭምብሉን ከፊታቸው ገንጥለው ጣሉት። እናቴ አጠገባቸው ተጋድማ የራሷን እጅ በእጃቸው ላይ አድርጋ አስለመደቻቸው። ከዚያ አንድ ቀን ተኙ። አልጮኹም፣ አልተንፈራገጡም፣ ትንፋሻቸው አልተቋረጠም። እናቴ ግን በጸጥታው ፈርታ ሞተው ይሆን እያለች እጇን አፍንጫቸው ላይ ስታደርግ አደረች። አሁን ቀን ላይ አያንቀላፉም። ፊታቸውም ጠራ።

የመርሳቱን ነገር ልንገርዎ። የተመለሰ አለ፤ ሰፈሩን አውቀውታል፣ ሶላታቸውን አያምታቱም። የሄደ ደግሞ አለ። የሄደው ያ ቀን ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ ምሳ ስናቀርብ «ቦንሳ የታል? ይቀዘቅዝበታል» አሉ። እናቴ ደንግጣ እውነቱን ነገረቻቸው። በሕይወቴ እንዲያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ አሁን እንደተረዱት ነው ያለቀሱት። በማግስቱ እንደገና «ቦንሳ የታል?» አሉ። አንዳችንም ደግመን ለመናገር አልቻልንም። «ጎበሳ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ይመሽበታል» ብለው በሉ።

ለዶክተር ይስሃቅ ነገርኩት። እንቅልፍ የሚመልሰው አለ፣ የማይመልሰውም አለ፤ ውስጥ ውስጡን የሚሄድ ሌላ የመርሳት በሽታ ሳይኖር አይቀርም፣ ለብዙ ዓመት ሳያርፍ የኖረ አንጎል ይጎዳል አለኝ። በየቀኑ እየነገርን በየቀኑ እንደ አዲስ ማርዳት ግን ምንም እንደማይጠቅም ነገረኝ።

አዳዳ፣ ይህንን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማዎ አላውቅም። እርስዎ እንዲህ ሆነው ሳለ እሳቸው እየረሱ፣ እየተኙ ነው። ይህ ልክ ነው ብዬ ልጽፍልዎ አልችልም። ደስ ብሎኛል፣ ደግሞ አፍራለሁ።

ልጅዎ ፈይሩዛ


ኩዌት
መስከረም 9 ቀን 2017

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ፈይሩዛ

አላህ ለአንቺና ለኦብሴ ያላችሁን ይባርክላችሁ፣ የጎደለባችሁን ይሙላላችሁ። ዓመቱንም የደግ ያድርግላችሁ።

የመጋቢት ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ጊዜ አባትሽ እንዲሰቃይ ነበር የምመኘው። ልዋሽሽ አልፈልግም። ሥራ ላይ ሆኜ እንዴት ተቀምጦ እንደሚያድር፣ በሩን ከፍቶ እንዴት እንደሚበርደው አስብ ነበር፣ ደስም ይለኝ ነበር። ከዚያ መሣሪያውን ገዛሁት። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ይቅር ብዬው አልነበረም። ቦንሳ ከሞተ ጀምሮ እኔም ተኝቼ አላውቅም። እጥፍ እላለሁ፣ እነቃለሁ፣ የሰው ጨርቅ አነሳለሁ። ዓይኔ ሳይሆን ጭንቅላቴ ነው የሚደክመው፤ የደንበኛ ልክ ወስጄ እረሳለሁ፣ ቃል አፌ ላይ ይጠፋብኛል። ቢፍቱ «ሐኪም ዘንድ ሂጂ» ስትለኝ እቆጣታለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ጠላቴም ላይ አልጨክንም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ዓርብ፣ ሥራ የለኝም፣ ከጁሙዓ ሶላት ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። የሀገር ቤት ቁጥር ነው፤ የማላውቀው። የሀሰኖ ስልክ መሆኑን በኋላ ነው ያጣራሁት፤ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብሎ አስደውሎት ነው፣ አንቺም አላወቅሽም ይሆናል። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እኅቴ» አለኝ። ድምፁን ያወቅሁት ወዲያው ነው። አላረጀም።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

«ዙቤዳ፣ አልተኛሽም?» አለኝ።

«ቀን እኮ ነው» አልኩት።

«ልጁን እየጠበቅሽ ነው፣ አውቃለሁ። አትጠብቂ። ጎበሳ ላይ ዝናብ ይዞናል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ዛሬ አንመጣም፣ እዚሁ ነው የምናድረው። ደክሞኛል፤ ደክሞኝ አልነዳም።»

ልጄ፣ ያቺ የጎበሳ ልጅ ካወራችልኝ ወዲህ አፌ ውስጥ የያዝኩት ነገር አለ። ስልኩን ሲያነሳ የምለው፣ ሲሞት የምለው፣ በአላህ ፊት ስንቆም የምለው። በዚያን ጊዜ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። እሱ ግን እየተረጋጋ ያወራል፤ ልክ ልጅ ሆኜ አባታችን ገበያ ሲዘገይብን እንደሚያባብለኝ ነው የሚያወራኝ።

«እሱስ ምን እያደረገ ነው?» አልኩት።

«ቦንሳ? ኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል። ኮቴን ደርቤለታለሁ።» ቀጥሎም «ታናግሪዋለሽ? ላስነሳልሽ?» አለኝ።

ቢፍቱ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ፊቴን አይታ ስልኩን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። በእጄ መለስኳት።

«ተወው» አልኩት። «ይተኛ። አንተም ተኛ፣ ወንድሜ።»

«እሺ። አንቺም ተኚ» አለኝና ዘጋው።

እዚያው ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩ። ጫማዬን እንኳን አላወለቅሁም። ቢፍቱ ብርድ ልብስ እንዳለበሰችኝ አላውቅም፣ የአስር ሶላት አዛን እንዳለፈኝ አላውቅም። ሕልም አላየሁም። ስነቃ የመግሪብ አዛን ሊል ነው፣ ክፍሉ ጨልሟል፣ ሰውነቴ በሙሉ ቀሎኛል። ነገሩ ትዝ እስኪለኝ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ልጅ ነበረኝ።

ነገም ሊደውል ቢፈልግ አትከልክይው። አነሳለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።

አክስትሽ
ዙቤዳ